ጦማርና የቴክኖሎጂ ሥራ፦ ሁለቱን አጣጥሞ ለመያዝ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ ወይም በአካባቢያቸው ሆኖ በኮምፒውተር ሙያ ለሚሠራ ወይም ሥራ ለሚፈልግ፣ ከዚያው ጎን ለጎን ደግሞ በስሙ ጦማር (ብሎግ) ለሚጽፍ ሰው ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲያርፉ መጋፋታቸው አይቀርም፤ ሥራ ፍለጋው ሲጠና ጽሑፉ ይቋረጣል፣ ጽሑፉ ሲጥም ደግሞ የማመልከቻው ቀን ያልፋል። እኔ ዓመታት ከተንገላታሁ በኋላ ያገኘሁት መፍትሔ ሰዓት ማብቃቃት ብቻ አልነበረም፤ የጦማሩን ጠባይ መቀየር ነበር። ጦማሩ ራስን የማስተዋወቂያ ሰሌዳ መሆኑ ቀርቶ የተሠራው ሥራ የሚሰፍርበት መዝገብ ሲሆን ከሥራው ጋር የሚሻማው ነገር ይቀንሳል። ጥቂት ወራት አልፈው መዝገቡ ተመልሶ ሲነበብም ጸሐፊው የሚረካበት ሥራ የትኛው እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ካሰበው በተለየ መንገድ፣ ያሳየዋል።

1. ሳምንትዎን በወረቀት ይለኩ

መርሐ ግብር ከማውጣትዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ጊዜዎ የት እንደሚሄድ በደብተር ላይ ይመዝግቡ። በስልክ አይመዝግቡ፤ ለመመዝገብ ስልኩን የከፈተ ሰው ከአፍታ በኋላ ቴሌግራም ላይ ነው የሚገኘው። ደብተሩ ሦስት ዓምድ ይኑረው፦ ሰዓቱ፣ የተሠራው ነገር፣ እንዲሁም በዚያ ሰዓት መብራትና ኔትወርክ መኖር አለመኖሩ። ሦስተኛው ዓምድ ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የራሴን ደብተር ሳገላብጥ «ደከመኝ» ብዬ የተውኳቸው ምሽቶች አብዛኞቹ መብራት የሄደባቸው ምሽቶች ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ስንፍና ነው ብዬ ራሴን ስወቅስበት የቆየሁት ነገር የባትሪ ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሰው በዚህ ላይ ጠዋት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት፣ ማታ ያንኑ ያህል አቀበት ይጨምርበታል። በሚኒባስ ውስጥ ለመጻፍ መሞከርን አልመክርም፤ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ከመድረሱ በፊት ሆዱ ይገለባበጣል። ሐሳብን በድምፅ መቅዳት ግን ይቻላል፤ አጠገብዎ የተቀመጠው ተሳፋሪ ብቻውን የሚያወራ ሰው አጋጠመኝ ብሎ እንዳይሸሽ ስልኩን ጆሮዎ ላይ ማድረግ ይበቃል።

ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩ ከሆነ የቡናውንም ሰዓት በደብተሩ ያስፍሩ። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ በእኛ ቤት ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ሆኖ አያውቅም፤ ረከቦት ቀርቦ፣ ጭሱ ሞልቶ ላፕቶፕ መክፈትም ነውር ነው። ሥራ ፈትቼ በነበርኩበት ክረምት አክስቴ ሁለተኛውን ስኒ እያቀበለችኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ቀን ሥራ የለህ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለህ፤ ለመሆኑ ይህን ሁሉ ለማን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። «ለሥራ ነው እትዬ» አልኳት። «እንግዲያ ደመወዙን ቶሎ አሳየና!» ብላ ሳቀች፤ ቤቱም አብሯት ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቡና ሰዓት ላይ ምንም ዕቅድ አላወጣም፤ የማይገኝን ሰዓት በዕቅድ ላይ መጻፍ ራስን ማታለል ነውና።

ልኬቱ ሲያልቅ ለጽሑፍ በሳምንት ሦስት ሰዓት ይመድቡ፤ ቢበዛ አራት። ይህ መጠን ወለልም ጣሪያም ነው። ጣሪያ ማበጀቱ ሊያስደንቅ ይችላል፤ ሆኖም ሥራ ለሚፈልግ ሰው ጽሑፍ የተከበረ መሸሸጊያ ስለሚሆን፣ ካልተገደበ አንድ አንቀጽ አምስት ጊዜ እያስተካከሉ ማመልከቻውን ለነገ ማሳደር ይመጣል። ሰዓቱን ሲደለድሉ አንድ ደንብ ይያዙ፦ ሥራ ከሌለዎት አእምሮዎ ትኩስ የሆነበትን ሰዓት ለማመልከቻና ለልምምድ ይስጡ፣ ለጽሑፍ የተረፈው ይበቃዋል፤ ሥራ ካለዎት ግን ትኩሱን ሰዓት ከቀጣሪዎ በፊት ለራስዎ ጽሑፍ ይውሰዱ። እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሣለሁ። በጥቅምትና በኅዳር ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ በጋቢም የሚቻል ባይሆንም፣ በዚያ ሰዓት የሚደውል ሰው የለም።

በየ15 ቀኑ አንድ ጽሑፍ ማውጣት በቂ ነው፤ በዓመት 24 ይሆናል። በየሳምንቱ እጽፋለሁ ብሎ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወር ሲያቋርጥ አይቻለሁ፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

2. እጅዎ የነካውን ይጻፉ

በዚህ ሳምንት ወይም ባለፈው ሳምንት እጅዎ ያልነካውን ነገር አይጻፉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዓለምን እንዴት እንደሚለውጥ ከሰኞ ገበያ ጀርባ ተቀምጦ መተንተን ጊዜ ይበላል፣ አንባቢ አያገኝም፣ ቀጣሪም ስለ ጸሐፊው ምንም አይማርበትም። በአንጻሩ ዛሬ ጠዋት ያስቸገረዎትንና ከሰዓት በኋላ የፈቱትን ትንሽ ችግር ቢጽፉ፣ ጥናቱ አስቀድሞ በሥራው ላይ ስለተከናወነ የሚቀርዎት ማስፈር ብቻ ነው። ለጽሑፉ በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚበቃውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርብ ላሳይ። ፒያሳ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ ለሚሸጥ አንድ ነጋዴ የዱቤ ደንበኞች መዝገብ በኮምፒውተር ሠርቼለት ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ደንበኛ ዕዳውን ከፍሎ ሳለ አሁንም ዕዳ እንዳለበት ተነግሮት ተቆጥቶ መጣ። ነገሩን ስመረምር ሰውየው ሦስት ጊዜ ተመዝግቧል፦ አንደኛው ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሁለተኛው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብለው አስገብተውታል፤ ዕዳውም በሦስቱ ስም ተከፋፍሏል። ለጆሮ አንድ የሆነው ድምፅ በፊደል ገበታችን ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብሎ በስድስት መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለየፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ለኮምፒውተሩ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» እንደ ከበደና እንደ አበበ የተለያዩ ስሞች ናቸው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የተሳሳተ ነበር። በመዝገቡ ያሉትን ስሞች በሙሉ ወደ አንድ ፊደል ቀየርኳቸው፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ፍለጋው ወዲያው ተስተካከለ። በማግስቱ ግን አንዲት ደንበኛ የተሰጣቸውን ደረሰኝ ገልብጠው አይተው፣ «ስሜን ማን ቀየረው? የኔ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ ነው የሚጻፈው» ብለው መለሱት። ልክ ነበሩ፤ ሰው ስሙን በመረጠው ፊደል የመጻፍ መብት አለው። ትክክለኛው መፍትሔ ስሙን እንደተጻፈ ጠብቆ፣ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግልና ፊደሎቹ አንድ የተደረጉበት ሌላ ዓምድ መጨመር ሆነ። እሱም ቢሆን በእውነት የተለያዩ ሁለት ሰዎችን ሊያቀላቅል ስለሚችል የስልክ ቁጥርን ማመሳከሪያ አደረግሁት።

ይህን ስጽፍ የተጠቀምኩበት አካሄድ ለማንኛውም ተመሳሳይ ጽሑፍ ይሆናል። መጀመሪያ የችግሩ ምልክት ይገለጻል፤ ቀጥሎ የተሞከረው፣ ከዚያ የተበላሸው፣ ከዚያ የሠራው፣ በመጨረሻም ያልተፈታው ይሰፍራል። ከእነዚህ ውስጥ ሰው የሚያፍርበት «የተበላሸው» የሚለው ክፍል ነው፤ ቀጣሪዎች በቃለ መጠይቅ ደጋግመው የጠየቁኝ ግን ስለዚያ ክፍል ነው። የሠራውን ኮድ ማንም ከየትም ሊያመጣው ይችላል፤ የባለ ደረሰኟን ሴት ቁጣ ግን ሥራውን ያልሠራ ሰው አያውቀውም።

ርዕስ አጣሁ የሚል ሰው በቢሮው ያለውን የቀን አቆጣጠር ይመልከት። የእኛ ወራት ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን ስላላቸው፣ ለፈረንጅ አቆጣጠር በተሠራ ሠንጠረዥ ላይ ጥቅምት 30ን በቁጥር ያስገባ ሰው ኮምፒውተሩ ፌብሩዋሪ ሠላሳ ብሎ ገምቶ ይመልስበታል፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር ሠላሳኛ ቀን የለውምና። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር በመሆኗ ጨርሶ አትገባም። ጳጉሜን በ2015 ዓ.ም. 6 ቀን ነበረች፤ በ2016 እና በ2017 5 ቀን ሆነች፤ በ2019 ደግሞ ተመልሳ 6 ትሆናለች። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኮምፒውተሩ 7 ሰዓት መሆኑ፣ የአያት ስምን «የቤተሰብ ስም» በሚል ሣጥን ውስጥ የሚያስገድዱ ቅጾች፣ ሌላም ብዙ አለ። እነዚህን በውጭ ያሉ ጸሐፊዎች ሊጽፉልን አይችሉም፤ ችግሩ አይደርስባቸውማ።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ሲያጨቃጭቅ አያለሁ። እንደ ሼኽ ጠልሃ ያሉ የወሎ ሊቃውንት አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል የጻፉት ተማሪዎቻቸው የሚያነቡት ፊደል ያ ስለነበረ ነው፤ የአንባቢው ዓይን የለመደውን መርጠዋል። እርስዎም እንደዚሁ ያድርጉ። ፊደልን፣ የቀን አቆጣጠርን፣ የአገር ውስጥ ቢሮን የሚመለከተውን በአማርኛ ይጻፉ፤ ሥራ የሚፈልጉት ከውጭ ድርጅት ከሆነ በጽሑፉ ራስጌ ላይ አምስት መስመር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ይጨምሩ። ሙሉውን በሁለት ቋንቋ ለመጻፍ መሞከር የሰዓቱን ጣሪያ ያፈርሳል።

3. ያለ ኔትወርክ የሚሠራ መሣሪያ ያዘጋጁ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ለዚህ አካባቢ አንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም። ጽሑፋቸውን በቀጥታ ድረ ገጽ ላይ ይጽፉ የነበሩ ሰዎች በዚያ ወቅት የራሳቸውን ረቂቅ እንኳ መክፈት አልቻሉም። ስለዚህ ረቂቁ ሁልጊዜ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ፣ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጥ። ርዕስንና ደማቅ ጽሑፍን በቀላል ምልክት ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ማርክዳውን የተባለው አጻጻፍ ይበቃል። የለውጡን ታሪክ ለመያዝ ጊት የተባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ የተገኘ ዕለት የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ መላክ ይቻላል። ገጹን እንደ ሁጎ ወይም ጄኪል ባለ፣ ተራ የጽሑፍ ፋይልን ወደ ድረ ገጽ በሚቀይር መሣሪያ አዘጋጅቶ ጊትሃብ ፔጅስ በተባለው የድረ ገጽ ማስቀመጫ አገልግሎት ላይ በነፃ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የራስዎን የድረ ገጽ ስም ለመግዛት በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ካጡ ነፃው አድራሻ ምንም አያጎድልብዎትም።

የዳታ ወጪውም ትንሽ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ 4,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 12 ኪሎ ባይት ያህል ይመዝናል ማለት ነው። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከ2 ሜጋ ባይት ስለሚበልጥ ያንን ጽሑፍ ከመቶ ሃምሳ እጥፍ በላይ ይከብደዋል። ፎቶ ካላስፈለገ ይተዉት፤ ካስፈለገም ያሳንሱት። በድሮ ጊዜ የተሠሩና ዩኒኮድን ያልተከተሉ የግዕዝ ፎንቶችን አይጠቀሙ፤ በእነሱ የተጻፈ ነገር ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። ቅጂውን በፍላሽ አድርገው ሌላ ሰው ቤት ያስቀምጡ።

4. የማይጻፈውን ከቀጣሪዎ ጋር አስቀድመው ይለዩ

ይህን ደረጃ የተማርኩት ቀደም ሲል እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ሰርቨር ላይ ያጋጠመኝን ብልሽት ስጽፍ የስክሪኑን ምስል አያይዤ ነበር። ምስሉ ላይ፣ በቀኝ ጥግ፣ የውስጥ ኔትወርኩ አድራሻና የአንድ ባልደረባዬ የመግቢያ ስም ይታያል፤ እኔ የስሕተቱን መልእክት ብቻ እያየሁ ልብ አላልኩትም። የክፍሉ ኃላፊ በማግስቱ አስጠርተውኝ አልጮሁብኝም። ገጹን በወረቀት አሳትመው ያቺን ጥግ በቀይ እስክሪብቶ ከበዋታል፤ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ይህን ሌባ ቢያየው ምን ይለናል?» አሉኝ። ለሦስት ወር ወደ ሰርቨር ክፍሉ እንዳልገባ ተደረግሁ። ያን ጊዜ ተበሳጭቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው አሠራር ይህ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስክሪን በፍጹም አላነሣም፤ ችግሩን በቤት ኮምፒውተሬ፣ በፈጠራ ስሞችና በፈጠራ ቁጥሮች እንደገና አስነሥቼ ያንን አነሣለሁ። ጽሑፉን ከጨረስኩ በኋላ አሥር ቀን አሳድረዋለሁ፤ በየ15 ቀኑ ለሚያወጣ ሰው ይህ አይከብድም። የደንበኛ ስም፣ ስልክ ወይም ሒሳብ በማንኛውም መልክ አይገባም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። የሱቁን ታሪክ የጻፍኩት ባለቤቱን አስፈቅጄ ነው፤ በዚያ ላይ «ኃይሉ» የሚለው ስም ለምሳሌ የተመረጠ እንጂ የዚያ ደንበኛ ስም አይደለም።

የባለቤትነት ጉዳይም አለ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር በቅጥር ውል የተሠራ ሥራ ባለቤት አሠሪው ነው። ስለዚህ አዲስ ውል ሲፈርሙ የሚከተለው ዓይነት አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር ይጠይቁ፦ «ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በራሱ መሣሪያ፣ የድርጅቱን ምስጢርና የደንበኞችን መረጃ ሳይጠቀም የሚያዘጋጃቸው ጽሑፎች ባለቤትነት የሠራተኛው ነው።» ይህን በመጠየቄ ፊቱን ያጠቆረብኝ ቀጣሪ እስካሁን አልገጠመኝም። አንዱ እንዲያውም ጦማሩን ያነበበው ይህን ከጠየቅሁት በኋላ ነው።

5. ከ12 ጽሑፍ በኋላ መዝገቡን መልሰው ያንብቡ

ስድስት ወር ገደማ ሲሞላ የጽሑፎቹን ርዕስ በአንድ ወረቀት ላይ በዝርዝር ይጻፉ። በእያንዳንዱ ርዕስ ፊት ሦስት ነገር ያመልክቱ፦ ማንም ሳይጎተጉትዎት የጀመሩት መሆኑን፣ ጣሪያውን አልፈው የጻፉትና ያላሳሰበዎት መሆኑን፣ እንዲሁም አንባቢ ጠይቆዎት በደስታ የመለሱለት መሆኑን። ሦስቱንም ምልክት ያገኙት ርዕሶች ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ ሆነው ይገኛሉ።

እኔ ይህን ባደረግሁበት ጊዜ መታወቂያዬ ላይ የተጻፈው የሥራ መደብ የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። ከ14 ጽሑፎቼ መካከል ስለ ኔትወርክ የተጻፈው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ኬብልና ስለ መሰላል የተጻፈ ብሶት ነው። ዘጠኙ ስለ ፊደል፣ ስለ ስምና ስለ ቀን አቆጣጠር ነበሩ። ለዓመታት የኔትወርክ ሥራ ስፈልግና ባገኘሁት ሁሉ ስከፋ ኖሬ፣ ያ ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ያመለከትኩት የአማርኛ ጽሑፍና መረጃ ዋና ጉዳያቸው ለሆነ ሥራዎች ብቻ ነው፦ ሶፍትዌርን ወደ አገር ቋንቋ ለመመለስ፣ የአማርኛ ፍለጋን ለመፈተሽ፣ የቋንቋ መረጃ ለማጥራት። እንዲህ ያለ የሥራ ዘርፍ መኖሩን እንኳ ቀድሞ አላውቅም ነበር።

በዚህ ንባብ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ስለ ሥራው መጻፍን መውደድና ሥራውን መውደድ አንድ አይደሉም። ለመለየት ለአንድ ወር ሥራውን እየሠሩ ምንም አይጻፉ። ሥራው በራሱ ጠዋት የሚያስነሣዎት ከሆነ መንገድዎ እሱ ነው። ሥራው ደብዝዞብዎት የናፈቀዎት ማስረዳቱ ከሆነ ግን፣ የመጠቀሚያ መመሪያ የሚያዘጋጅ የቴክኒክ ጸሐፊ፣ የደንበኛ ድጋፍ ባለሙያ ወይም አሠልጣኝ መሆንን በቁም ነገር ያስቡበት። ይህ ከፕሮግራመርነት የሚያንስ ሙያ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አልስማማም።

ይህን ሁሉ ከማድረግዎ በፊት ግን የቤት ኪራይ፣ የአስቤዛና ለቤተሰብ የሚሰጡት ድምር ስንት ብር እንደሆነ ጽፈው ከወረቀቱ ራስ ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ በታች የሚከፍል ሥራ ምንም ያህል ቢጥም ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

ስለ ሥልጠና የምለው ጥቂት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርቶች ይሰጣሉ። የሚማሩ ከሆነ የምስክር ወረቀቱን ፎቶ ከመለጠፍ ይልቅ ከልምምዶቹ አንዱን በአካባቢዎ መረጃ ሠርተው ያንን ይጻፉ።

6. ማመልከቻ ላይ ሁለት ጽሑፍ ብቻ ያቅርቡ

ለቀጣሪ የጦማሩን አድራሻ ብቻ ላኩ እንበል፤ ማስታወቂያ ያወጣው ሰው 24 ጽሑፍ አያነብም፤ የመጀመሪያውን ከፍቶ ይዘጋል። ስለዚህ ከሥራ መደቡ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ሁለት ጽሑፎች ይምረጡና በደብዳቤው ውስጥ በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስተዋውቋቸው። «ጦማር አለኝ» ማለት ምንም አይነግርም። «በአንድ የዱቤ መዝገብ ላይ በፊደል ልዩነት ምክንያት የተደጋገሙ ስሞችን እንዴት እንዳገኘሁና የመጀመሪያው መፍትሔዬ ለምን እንዳልሠራ በዚህ ጽሑፍ አስረድቻለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ግን አንባቢውን ያስከፍተዋል። የመረጧቸውን ሁለቱን ከቃለ መጠይቁ በፊት በነበረው ምሽት ራስዎ እንደገና ያንብቡ፤ ከዓመት በፊት የጻፈውን ነገር የረሳ ሰው ሌላ ሰው የጻፈለት ይመስላል።

ከቤት ሆነው ለሩቅ ድርጅት ለመሥራት የሚያመለክቱ ከሆነ መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርጉ ሳይጠየቁ ይናገሩ። እዚህ ላይ ያ የመጀመሪያው ደብተር ይጠቅማል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት እንደተቋረጠና በባትሪ ስንቱን እንደሸፈኑ በቁጥር የሚመልስ አመልካች ከ«ችግር የለም» ባዩ ይልቅ ይታመናል።

7. ሥራው ከተገኘ በኋላ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አይጻፉ፤ ማስታወሻ ብቻ ይያዙ። አንባቢዎችዎን ግን ዝም ብለው አይጥፉባቸው፤ «በአዲስ ሥራ ምክንያት እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ አዲስ ጽሑፍ አይወጣም» የሚል አንድ መስመር ያኑሩ፤ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት። የማስታወሻ ደብተሩ ላይ በየቀኑ በአዲሱ ቦታ ያልገባዎትን አንድ ነገር ያስፍሩ። ከሦስት ወር በኋላ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ የለመደውና የማያየው ነገር ለእርስዎም መታየቱን ስለሚያቆም፣ ይህ ዝርዝር ከዚያ በኋላ በገንዘብም አይገኝም።

አዲሱ ቀጣሪ ጦማሩ እንዲዘጋ ቢጠይቅ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበው ያልታየ ነገር እንዳይወጣ ስለሆነ፣ መጻፍ ከቀጠሉ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እያንዳንዱን ጽሑፍ ከመውጣቱ ከአምስት ቀን በፊት ለኃላፊው ለማሳየት ፈቃደኛ መሆንዎን ይግለጹ። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ተስማምቻለሁ፤ ከሁለቱ አንደኛው ኃላፊ ከሦስተኛው ጽሑፍ በኋላ «ከእንግዲህ አታሳየኝ፣ ጊዜዬን አትብላ» ብሎኛል። የድሮዎቹን ጽሑፎች ጭምር አጥፋ ለሚል ግን እሺ አልልም፤ የሱቁ ባለቤት ዛሬም አዲስ ጸሐፊ በቀጠረ ቁጥር ያንን የፊደሎች ጽሑፍ አሳትሞ ነው የሚሰጠው።